ለጥቁር ሰው ክትትል አይበቃምን?

አሜሪካ ካሉ ዘመዶቻችን በስልክ የሚደርሰን የሕክምና ምክር ሁልጊዜ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን የጉዳዩን ግማሽ ብቻ ይዞ ይመጣል። ሰሞኑን በቤተሰባችን ብዙ ያነጋገረው ምክር «ጥቁር ወንድ የፕሮስቴት ካንሰር ከተገኘበት ክትትል ብሎ ነገር የለም፤ ቶሎ ኦፕራሲዮን መሆን አለበት» የሚል ነው። ይህ አባባል ከባዶ የተነሣ አይደለም። ጥናቶቹን አንድ በአንድ ላነበበ ሰው ግን የሚሰጡት ትምህርት ከዚህ የተለየ ነው፤ ተመሳሳይ ውሳኔ የሚጠብቃቸው ብዙ አባቶችና አጎቶች እንዳሉ ስለማውቅ የተረዳሁትን በጽሑፍ ለማስፈር ወሰንሁ።

ጉዳዩ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጋሼ የ64 ዓመት ሰው ናቸው፤ የሚኖሩት አራት ኪሎ ነው። ሽንት ሌሊት እየቀሰቀሳቸው ተቸግረው ሲመረመሩ በደማቸው ውስጥ የተገኘው የፒኤስኤ (ፕሮስቴት ዕጢ የሚያመነጨው ፕሮቲን) መጠን 6.2 ሆነ፤ ከዚያም ከፕሮስቴት ዕጢያቸው 12 ናሙናዎች ተወስደው በ2ቱ ውስጥ ካንሰር ተገኘ። የናሙናው ምርመራ ውጤት በተጻፈበት የፓቶሎጂ ወረቀት ግርጌ «ግሊሰን 3+3=6» የሚል ተጽፎ ነበር፤ ግሊሰን የካንሰሩን ክፋት የሚያመለክት ነጥብ ነው። ሐኪሙ ቁጥሩን በእስክሪብቶ ከበቡትና ከፕሮስቴት ካንሰር ደረጃዎች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን፣ ብዙ ጊዜም ቀስ ብሎ የሚያድግ እንጂ ወደ ሌላ አካል የሚዛመት አለመሆኑን አስረዱን። ምክራቸውም ለጊዜው ቀዶ ጥገናም ሆነ ጨረር ሳይደረግ በቅርብ ክትትል መቆየት ይቻላል የሚል ነበር። ሜሪላንድ የምትኖረው ልጃቸው ይህን ስትሰማ ነው «አባዬ፣ እዚህ ለጥቁሮች ክትትል አደገኛ ነው ይላሉ፤ እባክህን እንዳትጠብቅ» ያለችው።

በመጀመሪያ ክትትል የሚባለው ነገር በሽታውን ዐይቶ እንዳላዩ መተው አለመሆኑ መታወቅ አለበት። ታካሚው በየ6 ወሩ ገደማ ፒኤስኤ ይለካል፣ ሐኪሙ በእጁ ይመረምረዋል፣ ኤምአርአይ ይነሣል፣ በየተወሰነ ዓመቱም ናሙና በድጋሚ ይወሰዳል፤ ካንሰሩ ጠባዩን እየለወጠ መሆኑ ከታየ ለማዳን የሚሰጠው ሕክምና ያን ጊዜ ይጀመራል። ይህ አካሄድ በተለይ በካናዳ፣ ቶሮንቶ፣ በዶክተር ሎረንስ ክሎትዝና በባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በሥርዓት እየተፈተሸ ያደገ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቀዶ ጥገናውም ሆነ ጨረሩ ሽንት የመቆጣጠር ችግርንና የወሲብ አቅም መዳከምን ሊያስከትል ይችላል፤ የማይገድል በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ ይህ ያለ ጥቅም የሚከፈል ከባድ ዋጋ ነው። አባቶቻችን ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ መናገር ስለሚከብዳቸው ሐኪሙን ሳይጠይቁ ወደ ቀዶ ጥገና መግባታቸው ያሳዝነኛል።

በእንግሊዝ በ1,643 ወንዶች ላይ የተደረገውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ትልቅ ጥናት ታካሚዎቹን በዕጣ ለቀዶ ጥገና፣ ለጨረርና ለክትትል መድቦ ለ15 ዓመታት ያህል ተከታተላቸው። በካንሰሩ የሞቱት በጠቅላላው 2.7 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በ3ቱ ምድቦች መካከል ይህ ነው የሚባል የሞት ልዩነት አልታየም። የሚያጽናና ውጤት ነው፤ ሆኖም ተሳታፊዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ነበሩ። የአጎቴ ልጅ ሥጋት የሚነሣውም ከዚሁ ላይ ነው፤ በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በፕሮስቴት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከነጮቹ 1.7 እጥፍ ገደማ፣ በበሽታው የመሞት ዕድላቸው ደግሞ 2 እጥፍ ገደማ ነውና ለነጮቹ የተገኘው ውጤት ለእነርሱም ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም ነበር።

ጥያቄውን በቀጥታ ካነሡት መካከል በአሜሪካው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት ይገኝበታል። አጥኚዎቹ በናሙና ምርመራ እጅግ ዝቅተኛ ሥጋት ያለባቸው ተብለው፣ ማለትም ለክትትል ብቁ ሆነው ሳለ ቀዶ ጥገናን የመረጡ 1,801 ወንዶችን መረመሩ። ከሰውነታቸው የወጣው ዕጢ ሙሉ በሙሉ ሲታይ፣ ካንሰሩ ናሙናው ካሳየው የከፋ ደረጃ ላይ ሆኖ የተገኘው ከነጮቹ በ14.4 በመቶው ሲሆን ከአፍሪካ አሜሪካውያኑ ግን በ27.3 በመቶው ነበር። ሜሪላንድ ድረስ የዘለቀው ፍርሃት ምንጩ እንዲህ ያለ ቁጥር ነው።

እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ምክንያቱ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። እነዚሁ ተመራማሪዎች ቀጥለው እንዳሳዩት፣ በአፍሪካ አሜሪካውያኑ ላይ ዋናው ዕብጠት በዕጢው የፊት ክፍል የሚገኝበት ጊዜ ይበዛል። በተለመደው አሠራር ደግሞ ናሙና የሚወስደው መርፌ የሚገባው በፊንጢጣ በኩል፣ ማለትም ከዕጢው ጀርባ ነው፤ ስለዚህ በፊት ለፊት የተቀመጠውን ካንሰር ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ ከልዩነቱ ቢያንስ ከፊሉ ካንሰሩ በክትትል ላይ እያለ ስለከፋ ሳይሆን ከመነሻው በደንብ ስላልታየ የመጣ ነው ማለት ነው። ይህ ደግሞ መፍትሔ ያለው ችግር ነው፤ ኤምአርአይ የፊተኛውን ክፍል ያሳያል፣ ምስሉን ተከትሎ ወይም በፊንጢጣና በቆለጥ መካከል ባለው ቆዳ በኩል የሚወሰድ ናሙናም እዚያ ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ክብደት አለው፤ የተሠራው በትክክል በክትትል ላይ በነበሩ ሰዎች ነውና። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የጤና አገልግሎት ሥር ክትትልን የመረጡ 8,726 ወንዶች የታዩበት ሲሆን፣ ከእነርሱ 2,280ዎቹ አፍሪካ አሜሪካውያን ነበሩ። በ10 ዓመት ውስጥ በሽታው የገፋባቸው ከጥቁሮቹ 59.9 በመቶ፣ ከነጮቹ 48.3 በመቶ ሆኑ፤ ወደ ሕክምና የተሻገሩትም በጥቁሮቹ በኩል በርከት ያሉ ነበሩ። ይሁን እንጂ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል የተዛመተባቸው 1.5 እና 1.4 በመቶ፣ በካንሰሩ የሞቱትም 1.1 እና 1.0 በመቶ በመሆናቸው በዚህ በኩል ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ለሁሉም አንድ ዓይነት አገልግሎት በሚሰጥ ተቋም ክትትሉ ሳይቋረጥ ሲካሄድ፣ የሚገፋው በሽታ በጊዜው ተይዞ ታክሟል። እርግጥ ነው፣ ለፕሮስቴት ካንሰር 10 ዓመት ረጅም ጊዜ አይደለም፤ የ50 ዓመት ጎልማሳ ይህን ቁጥር የሚያነብበት ዐይን ከጋሼ ዐይን መለየት አለበት።

ሌላም ነገር አለ። በእነዚህ ጥናቶች «ጥቁር» ተብለው የተመዘገቡት በአብዛኛው ቅድመ አያቶቻቸው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ናቸው። የሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት ከየትም ይልቅ ሰፍቶ የሚገኘው በአፍሪካ ውስጥ ሲሆን፣ የጎንደር ወይም የወላይታ ሰው ከጋናው ሰው ጋር በቆዳ ቀለም ስለተቀራረበ ብቻ የበሽታ ሥጋቱ አንድ ነው አይባልም። በአሜሪካ መዝገብ ግን ሁሉም በአንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ የገቢ፣ የመኖሪያ ሰፈርና ሐኪም የማግኘት ልዩነት በዚያው ሳጥን ውስጥ ስለሚደባለቅ፣ የጥናቱን ቁጥር እንዳለ አንሥቶ በአራት ኪሎ ሰው ላይ መለጠፍ ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። ከጥናቶቹ የምንወስደው ጥንቃቄ ግን አለ፤ እርሱም ክትትል ከመጀመሩ በፊት የመጀመሪያው ምርመራ የተሟላ መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

በእኛ በኩል ይህ ጥንቃቄ የሚላላው በጥቃቅን ነገሮች ነው። ጋሼ በመጀመሪያ የተነሡት አልትራሳውንድ «ፕሮስቴቱ አድጓል» ከማለት በቀር መጠኑን አልጻፈም ነበር። ፒኤስኤው ለዕጢው መጠን ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ከ0.15 በታች መሆኑ ክትትልን ለመምረጥ ከሚታዩት መመዘኛዎች አንዱ ነው፤ መጠኑ ካልተጻፈ ግን ሒሳቡ አይሠራም። እንደገና ሲለካ 48 ሚሊ ሊትር ሆነ፤ ውጤቱም 0.13 ገደማ መጣ። ኤምአርአዩ በፊተኛው ክፍል አንዲት ትንሽ ነጥብ ስላሳየ ሐኪሙ ምስሉን እያዩ ከዚያው ናሙና ወሰዱ፤ እርሱም ግሊሰን 6 ሆነ። የመጀመሪያዎቹን ስላይዶችም ሌላ ፓቶሎጂስት አይቶ በዚያው ተስማማ። ልጃቸው ኦፕራሲዮን ይደረግ ማለቷን የተወችው ይህን ሁሉ ወረቀት በስልክ ፎቶ ልከንላት፣ እዚያ ላለ ሐኪም ካሳየች በኋላ ነው።

ከሐኪሙ ጋር የተደረሰበት ስምምነት በአንድ ገጽ ተጽፎ በጋሼ የሕክምና ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ፒኤስኤው ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ ይለካል፤ የሚቀጥለው ናሙና በ1 ዓመት ውስጥ ይወሰዳል፤ ግሊሰን 7 ከተገኘ ወይም በኤምአርአዩ የታየችው ነጥብ ካደገች ስለ ቀዶ ጥገናና ስለ ጨረር ውይይት ይከፈታል። የቀጠሮዎቹን ቀናት እንድይዝ ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጥቷል። አባቱ ወይም ወንድሙ ይህ በሽታ ያለበት ሰው የመያዝ ዕድሉ በእጥፍ ያህል ስለሚጨምር፣ የጋሼ ታላቅ ወንድም የሆነው አባቴና በ40ዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉት የጋሼ ሁለት ወንዶች ልጆችም ፒኤስኤያቸውን እንዲለኩ ተነግሯቸዋል፤ አባቴ የፊታችን ሰኞ ይሄዳል።