«የማን ነሽ?» — ዜማችንን ስንፈልግ ዘራችንን ያገኘንበት መንገድ

ከባለቤቴ አያት ጋር መጀመሪያ የተገናኘነው በካናዳ፣ ኬፕ ብሬተን ደሴት ላይ፣ በቤታቸው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ገና እጄን እንደጨበጡ በስኮትላንድ ጌሊክ ቋንቋ «ኮ ሌሽ ኡ?» አሉኝ። ባለቤቴ ትንሽ አፈረ። «የማን ነሽ እያሉሽ ነው። እዚህ ሁሉንም ሰው እንዲህ ነው የሚጠይቁት» አለኝ።

እኔ ግን ደስ አለኝ። ጎጃም አያቴ ቤት የገባ እንግዳ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። ስሜን፣ የአባቴን፣ የአያቴንና የቅድመ አያቴን ስም አከታትዬ ነገርኳቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁና የራሳቸውን ሰባት ትውልድ ቆጠሩልኝ። እከሌ የእከሌ፣ የእከሌ እያሉ፣ ልክ እንደኛ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሩ። እሱ ከአያቱ ስም አላለፈም።

ያን ጊዜ የቤተሰብ ባንዳችን አራት ዓመት ሆኖት ነበር። የምንኖረው ካናዳ፣ ሃሊፋክስ ነው። ባለቤቴ ጊታር ይጫወታል። ትልቋ ልጃችን ቫዮሊን፣ ወንዱ ልጃችን ዋሽንት። የባለቤቴ እህት ትዘፍናለች፣ እኔ ከበሮ እመታለሁ። ራሳችንን «ኬልቲክ ባንድ» ብለን ነበር የምንጠራው። ከኢንተርኔት የለቀምናቸውን የአየርላንድ መጠጥ ቤት ዘፈኖች እንጫወት ነበር። ሰው ያጨበጭብልናል፣ እኛም ሥራችንን በትክክል የሠራን ይመስለን ነበር።

አያትየዋ ሁለት ዘፈን ሰምተው «ጥሩ ነው፣ ግን የኛ አይደለም» አሉ። በቁጣ አልነበረም። ወጥ ቀምሶ ጨው እንዳነሰው የሚናገር ሰው ዓይነት ነበር።

ኬልቲክ የቋንቋ ቤተሰብ ስም ነው። አይሪሽ፣ የስኮትላንድ ጌሊክ፣ ማንክስ፣ ዌልሽ፣ ኮርኒሽና ብሬቶን ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። አንድ ሰው መጥቶ «ሴማዊ ሙዚቃ ነው የምጫወተው» ቢለን ምን እንላለን? የትግርኛ ነው? የአማርኛ? የዓረብኛ? የዕብራይስጥ? እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነበር። የባለቤቴ ዘመዶች ራሳቸውን «ጌል» ነው የሚሉት። ቅድመ አያቶቻቸው ከስኮትላንድ፣ ሳውዝ ዩዊስት ከምትባል ደሴት ነው የመጡት።

ከዚያ በኋላ ፍለጋ ጀመርን። የጀመርነው ግን በተሳሳተው በር ነው። መጀመሪያ ያደረግነው ለአምስታችንም የጎሳ ጥለት ያለበት ኪልት፣ ያንን የስኮትላንዶች ጉርድ ቀሚስ፣ መግዛት ነበር። በኋላ እንዳነበብነው፣ እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ጥለት አለው የሚለው ልማድ በአብዛኛው የተደላደለው ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ በ1822 ኤድንብራን ከጎበኙ ወዲህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በዓመቱ ኪልቱ ለልጆቹ አጠራቸው። ያ ገንዘብ ለአያትየዋ ቤት መመላለሻ ነዳጅ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። በምራቅ የሚደረገውን የዘር ምርመራም ሞከርን። በመቶኛ የተከፋፈለ ካርታ መጣልን። ካርታው ላይ ስኮትላንድና አየርላንድ ቀለም ተቀብተዋል። የአንድ ሰው ስም፣ የአንድ ዜማ ስም ግን የለበትም።

መዝገብ ቤቱ ከዚህ ይሻላል። የ1901 የካናዳ ሕዝብ ቆጠራ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ይጠይቅ ነበር። የባለቤቴ ቅድመ አያት ቤት ውስጥ የነበሩት ሁሉ፣ ከሽማግሌ እስከ ሕፃን፣ ጌሊክ ተብለው ተመዝግበዋል። ባለቤቴ ያንን ገጽ ሲያይ እንባው መጣ። እሱ ራሱ በልጅነቱ የሚያውቀው ሰላምታና ስድብ ብቻ ነበር። ትምህርት ቤት ጌሊክ የተናገረ ልጅ ይመታ ስለነበር ወላጆች ለልጆቻቸው ሲሉ ቋንቋውን ተዉት።

ከዚያ ወደ ኋላ ስንሄድ ወረቀቱ አለቀብን። ስኮትላንድ ውስጥ መንግሥት ልደትና ሞት መመዝገብ የጀመረው በ1855 ነው። የኛዎቹ የተሻገሩት ከዚያ በፊት ነው። ባለርስቶቹ ከሰው ይልቅ በግ ያተርፋል ብለው ጭሰኛውን ከመሬቱ ሲያስነሱት ብዙው ውቅያኖስ ተሻገረ። ሄክተር የተባለችው መርከብ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎች ይዛ ዛሬ ኬፕ ብሬተንም ባለችበት የካናዳ ክፍለ ሀገር በኖቫ ስኮሺያ፣ ፒክቱ የደረሰችው በ1773 ነው። ወደ ኬፕ ብሬተን የጎረፈው ሕዝብ በአብዛኛው ከ1800 በኋላ ነው የመጣው። በዚያ ዘመን የነበረ ሰው ስም በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ቢገኝ እንኳ ተመሳሳይ ስም ያላቸው በደርዘን አሉ። ዶናልድ የዚህ፣ ጆን የዚያ። ከመካከላቸው የኛን ሰው ለይቶ ያወጣልን አያትየዋ ወጥ ቤት ቆመው የቆጠሩልን ሰባት ስም ነው። ሰባቱን ስም ይዘን ተመልሰን ስንገባ መዝገቡ ተከፈተልን። ይህን ሥራ መጀመር ለሚፈልግ ሁሉ የምለው ይህንን ነው፦ መጀመሪያ አፍ፣ ከዚያ ወረቀት።

ሙዚቃውም እንዲሁ ነበር። አያትየዋ ቫዮሊን አይጫወቱም። ግን መሣሪያ በሌለበት ቤት ጭፈራ እንዳይቀር በአፍ የሚዜም ዜማ ያውቃሉ። ቃላቱ ፈጣን ናቸው፣ ትርጉማቸው ቀላል ነው፣ ዋናው ነገር ምቱ ነው። ልጄ ስትራስፔይ የተባለውን የጭፈራ ዜማ ከኖታ አጥንታ ነበር። ድምፁ ሁሉ በቦታው ነው፣ ሕይወት ግን የለውም። አንድ ከሰዓት አያትየዋ አጠገቧ ተቀምጠው ያንኑ ዜማ በአፋቸው አሉላት። አጭር ከዚያ ረጅም፣ አጭር ከዚያ ረጅም። ቃሉ የሚጠብቅበት ቦታ ላይ ደጋኑም ይጠብቃል። ልጄ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፣ ከዚያ ቫዮሊኑን አነሳች። ወጥ ቤቱ ውስጥ የነበርን ሁላችንም ዝም አልን። እዚያ ጥሩ ተጫዋች ሲያመሰግኑ ጌሊኩ በሙዚቃው ውስጥ ይሰማል ይላሉ። እኛም ማሲንቆው ተናገረ እንል የለ?

ያን ቀን ብዙ ቀዳን። ጥፋታችንንም የሠራነው ያን ቀን ነው። በአንድ ስልክ ብቻ ቀዳን። የዜማውን ስም፣ ከማን እንደሰሙት፣ ቀኑን አልጻፍንም። ስልኩ በሚቀጥለው ክረምት ውኃ ገባው። ከአሥራ አንዱ ዜማ የተረፉት ልጄ በጆሮዋ የያዘቻቸው አምስት ብቻ ናቸው፣ እነሱም ያለ ስም። አያትየዋ በዚያው ዓመት አረፉ። አሁን አንድ ሽማግሌ ጋ ስንሄድ በሁለት መሣሪያ እንቀዳለን። መጀመሪያ የምንቀዳው «ይህን ከማን ሰሙት?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ማታውኑ ወደ ሌላ ቦታ እንገለብጠዋለን።

የኔ ከበሮ ነገር ደግሞ አለ። በሠርግ ቤት ቺክቺካ ስመታ ነው ያደግሁት። ጂግ የሚባለው ጭፈራም ስድስት ምት ስላለው ይገጥማል ብዬ ነበር። አልገጠመም። እነሱ ስድስቱን ሦስት ሦስት አድርገው ለሁለት ይከፍሉታል። የኔ እጅ ግን ሦስቱንም ሁለቱንም አንድ ላይ ይፈልጋል። ጨፋሪዎቹ እግራቸው ተሳሰረ። ለካ በኬፕ ብሬተን ልማድ ቫዮሊኑን የሚያጅበው ፒያኖ ነው። ምቱን የሚይዘው ደግሞ የተጫዋቹና የጨፋሪው ተረከዝ ነው። ከበሮዬን አስቀመጥኩ። ከብዶኛል፣ አልዋሽም። ሁለት ዓመት ሙሉ የእግር ጭፈራ ተማርኩ።

ቦታዬን ያገኘሁት ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ድሮ አዲስ የተሸመነ የሱፍ ልብስ እንዲጠብቅ ሴቶች እርጥቡን ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ እየደበደቡ ይዘፍኑ ነበር። ዛሬ ለዘፈኑ ሲባል ይደረጋል። አንዱ ያወጣል፣ ሁሉም ይቀበላል፣ ጨርቁ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ደቦ ነው። ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ። ዝግ ያሉት ዜማዎችም አልራቁኝም። ብዙዎቹ በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ከትዝታ ሜጀር ቅኝት ጋር አንድ ዓይነት ድምፆች አሏቸው። ይህ የዝምድና ማስረጃ አይደለም፤ አምስት ድምፅ የሚጠቀም ሕዝብ በዓለም ብዙ ነው። ለጆሮዬ ግን መግቢያ በር ሆነኝ።

ባለፈው ዓመት፣ በሐምሌ፣ ገንዘብ አጠራቅመን ሳውዝ ዩዊስት ሄድን። ከስኮትላንድ ማሌይግ ወደብ በጀልባ ነው የገባነው። ደሴቷ ላይ ከ1996 ጀምሮ ኪዮላስ የሚባል የሙዚቃና የጭፈራ የበጋ ትምህርት አለ። ከኬፕ ብሬተን መምህራን እየሄዱ የእግር ጭፈራ ያስተምራሉ። ከሀገር ተባሮ የወጣው ነገር በልጅ ልጆች እግር ተመልሶ ሲገባ ማየት ነው። ራሱ ኬፕ ብሬተንም ቢሆን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቫዮሊኑ ሊጠፋ ነው ተብሎ በቴሌቪዥን ሲነገር ሕዝቡ ተቆጭቶ በ1973 እዚያው ደሴት ግሌንዴል ላይ ከ100 በላይ ተጫዋቾች በመሰብሰብ መልስ ሰጥቷል።

አንድ ማታ አዳራሽ ውስጥ ልጄ ስም ከሌላቸው አምስት ዜማዎች አንዱን ተጫወተች። ከኋላ ወንበር አንዲት አሮጊት ቃሉን ማዜም ጀመሩ። ልጄ ደጋኗ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አላቆመችም። ሲያልቅ አሮጊቷ ወደ እሷ መጡና «ኮ ሌሽ ኡ?» አሏት። እሷም ቆጠረች። የአባቷን ወገን ስምንት፣ እኔን ጨምራ የኔን ወገን አምስት። አሮጊቷ የኔ አባቶች ስም ላይ ሁለት ጊዜ አስቆመዋት በትክክል እስኪይዙት ድረስ ደገሙት።

ከአምስቱ ዜማዎች የሁለቱን ስም እዚያ አገኘን። ሦስቱ ይቀራሉ። በጥቅምት ኬፕ ብሬተን፣ ጁዲክ ወደሚገኘው የሙዚቃ ማዕከል ይዘናቸው እንሄዳለን። በዘጠናዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ አንድ ቫዮሊን ተጫዋች በዚያ አካባቢ አሉ ተብለናል።