ሁለት ኮንፊግ በአንድ ፕሮጀክት፦ የሄደር ግጭቱን እንዴት እየፈታን ነው

ወዳጆች፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ለጎተራ የሚሆን የእርጥበት መለኪያ እየሠራን ነው። በቆሎ በደንብ ሳይደርቅ ከገባ ይሻግታል፤ የገበሬው ልፋት መና ይቀራል። ለዚህ ነው የያዝነው። የዛሬው ወሬዬ ግን የመለኪያውን ፕሮግራም ስለምንጽፍበት ቋንቋ፣ ስለ ሲ ፕላስ ፕላሱ ነው።

አንድ ላይብረሪ (ዝግጁ ኮድ) ለሴንሰሩ፣ ሌላ ለስክሪኑ እንጠቀማለን። ሁለቱም ውስጥ «ኮንፊግ» የሚባል ሄደር ፋይል (ሌላ ኮድ እየጠራ የሚጠቀምባቸው ስሞች የተጻፉበት) አለ። ለየብቻ ሰላም ናቸው። ሲገናኙ ግን ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ፕሮግራም) የሴንሰሩን ፒን፣ ማለትም የሚሰካበትን እግር ስም፣ «አላውቀውም» አለ። ፋይሉን ስንከፍተው ስሙ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፓይለሩ በ«ዳሽ አይ» (ሄደር የት እንደሚፈለግ በሚጠቁመው አማራጭ) የሰጠነውን ፎልደር በተራ ያያል። መጀመሪያ ያገኘውን ያነባል፣ በቃ። ሌላ ሞክሼ ፋይል መኖሩን አይነግራችሁም። ሄደሩ በጥቅስ ምልክት ከተጠራ ደግሞ ከሁሉም በፊት ጠሪው ፋይል ያለበትን ፎልደር ያያል።

ስለዚህ ምንም ሳትነካኩ መጀመሪያ ጂሲሲን (ኮምፓይለራችንን) ጠይቁት። «ዳሽ ኤች» ስትጨምሩለት (ትልቁን ኤች) ያነበበውን ሄደር ሁሉ ከነፎልደሩ ይዘረዝራል። ከፊት ያሉት ነጥቦች ሲበዙ ሄደሩ በሌላ ሄደር በኩል መጥቷል ማለት ነው። እኛ ዝርዝር ላይ የወጣው የስክሪኑ ኮንፊግ ብቻ ነበር።

የፎልደሮቹን ተራ መገልበጥ ያጓጓል። ግን ያኔ ስክሪኑ ይበላሻል። የሚያዋጣው እያንዳንዱን ላይብረሪ በራሱ ስም ፎልደር ውስጥ አስገብቶ «ዳሽ አይ»ን ወደ ላይኛው ፎልደር ማዞር ነው። ከዚያ «ሴንሰር/ኮንፊግ» ብሎ መጥራት። ሰፈር ውስጥ ሁለት አበበ ሲኖር በአባት ስም እንደምንለየው ማለት ነው።

ከዚህም በኋላ ያው ስህተት መጣ። አሁን ሁለቱም ፋይሎች ዝርዝሩ ላይ አሉ። ለካ የሁለቱም ኢንክሉድ ጋርድ (ሄደሩ ሁለቴ እንዳይነበብ የሚጠብቀው ምልክት) አንድ ስም ነው! ሁለተኛው ይከፈታል፣ ግን ይዘቱ በሙሉ ይዘለላል። ይሄ በጣም ድብቅ ስለሆነ ደጋግማችሁ እዩት። ጋርዱ ላይ የላይብረሪውን ስም ጨመርንበትና ተፈታ። «ፕራግማ ዋንስ» የሚለው መስመርም (ፋይሉ አንዴ ብቻ እንዲነበብ የሚያዘው) ይሠራል፤ በቋንቋው ስታንዳርድ ውስጥ ባይኖርም ጂሲሲና ክላንግ የሚባለው ሌላ ኮምፓይለር ይቀበሉታል።

አሁን የቀረን የማክሮ (ኮዱ ሲነበብ በተሰጠው ዋጋ የሚተካ ቃል) ስም ነው። ሁለቱም ለ«በፈር ሳይዝ» (ለጊዜያዊ ማከማቻው መጠን) የተለያየ ቁጥር ሰጥተዋል፤ ጂሲሲም ያስጠነቅቃል። ይህን ፎልደር አይፈታውም። ሁለቱ ሄደሮች አንድ ፋይል ውስጥ እንዳይገናኙ ስክሪኑን በራሱ ሲፒፒ (የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ) ፋይል ለብቻው እየሸፈንነው ነው።