ሐሰት፣ ምክንያቱም ጎረቤቴ

ኮዬ ፈጬ አካባቢ በአንድ የግል ኮሌጅ የማታ ተማሪዎችን የእርስ በርስ ተግባቦት አስተምር ነበር። እዚያ ሰፈር በርገርና ካላብሬስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡትን የብዥታ ቅነሳ ንድፈ ሐሳብ ማስተማር ደስ ይላል። ንድፈ ሐሳቡ ገና ስለሚተዋወቁ ሰዎች ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ ዕጣ የወጣለትም ተከራዩም ከየሰፈሩ መጥቶ በአንድ ብሎክ የሚገጣጠምበት ነው። ከ7ቱ መነሻ ሐሳቦች የመጨረሻው፣ ስለ ሰው ያለን ብዥታ ሲቀንስ መውደዳችን ይጨምራል ይላል። ፈተና ላይ አወጣሁት፦ እውነት ወይስ ሐሰት? ከኑሯችሁ ምሳሌ ስጡ።

ቀን ሱቅ ውላ ማታ የምትማር አንዲት እናት "ሐሰት" አለች። "እንደገባን ሰሞን የፊት ለፊት ጎረቤቴን እወዳት ነበር። የማውቀው 'ደህና አደርሽ' ስትለኝ ብቻ ነው። ቡና መጠራራት ስንጀምር ከማን እንደተጣላች፣ እኔንም ከማን ጋር እንደምታማኝ አወቅሁ። አሁን ምንም ብዥታ የለብኝም። ውሃ ሲመጣ ግን ጄሪካኔን የምሞላው እሷ ሳትወጣ ነው።"

ሙሉ ማርክ ሰጠኋት። የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን (ለቀን ተማሪዎች ስለ ንቁ ማዳመጥ የሚያስተምሩት) ወረቀቱን መለሱት።

"መልሱ እውነት ነው።"

"ምሳሌዋን አነበቡት?"

"ቁልፉ እውነት ይላል።"

ሱናፍራንክ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ይህንኑ ሐሳብ መሞገቱን ነገርኳቸው፤ ማወቅ ብቻውን መውደድን አያመጣም፣ ወሳኙ ከሰውየው ጋር ብቀጥል ምን አገኛለሁ የሚለው ግምት ነው ብሎ።

"ሞጁሉ ላይ አለ?"

"የለም።"

እስክሪብቷቸውን አነሱ።

ተማሪዋ ቅሬታ ይዛ ስትመጣ አብሬያት ገባሁ። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት፣ "እርስዎ የጻፉት ስሜት ነው፤ እኛ የምናርመው ቲዎሪ ነው" አሏት።

"ጥያቄው ከኑሯችሁ ይል የለም እንዴ?"

"ቀጣይ!" አሉ፣ በሩ ላይ ሌላ ሰው ሳይኖር።

ደረጃውን ስንወርድ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ "መምህር፣ እኚህንም ሰውዬ እኮ ሳላውቃቸው በጣም ነበር የማከብራቸው" አለችኝ።

ይሄኛው ምሳሌ ወረቀት ላይ ስላልሰፈረ ማርክ አልተያዘለትም።