ሁለቱን እናቶች ይዘን ኢስታንቡል

እናቴ ሙስሊም ናት። እማማ የምንላቸው የባለቤቴ እናት ደግሞ ኦርቶዶክስ ናቸው። ይህ ወሎ ውስጥ ብርቅ አይደለም፤ ደሴ ላይ እኛን የመሰለ ቤት ሞልቷል። ኢስታንቡል የሚኖረውን ወንድሜን ልንጠይቅ ሁለቱንም ከልጆቹ ጋር ይዘን ስንሄድ፣ አሮጌውን ከተማ ለማየት የነበረን አንድ ቀን ብቻ ነበር። ያ ቀን ያማረው አስቀድመን ስላሰብንበት ነው።

መጀመሪያ ቀኑን መረጥን። ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ማክሰኞ ዝግ ነው። ዓርብ ደግሞ ጁምዓ ስለሆነ መስጊዶቹ ለጎብኚ አይመቹም። ስለዚህ ረቡዕ ሆነ። ረቡዕ ለእማማ ጾም ነው፤ ቢሆንም አልተቸገርንም። እዚያ ሥጋው የሙስሊም እርድ በመሆኑ በፍስክም ቢሆን አይነኩትም ነበር። ጾማቸውን ሲፈቱ አደባባዩ ላይ የተጠበሰ በቆሎ እሸትና ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ አገኘንላቸው። በቆሎውን እንደ ቤታቸው ነው የጋጡት።

ጠዋት ሱልጣን አህመድ መስጊድ ገባን። ስድስት ሚናራ አለው፤ የውስጥ ግድግዳው ከ20,000 በላይ በሆኑ የኢዝኒክ ሸክላዎች ተለብጧል። ለጫማ ፌስታል ከቤት ይዘን ነበር፤ ይህን ለሁሉም እመክራለሁ። እማማ ነጠላቸውን ተከናነቡ፣ ጫማቸውንም ማንም ሳይነግራቸው አወለቁ። «ቤተ ክርስቲያንስ በጫማ ይገባል እንዴ?» አሉ።

ብዙ ጊዜ የሰጠነው ለአያ ሶፊያ ነው። ዐፄ ዮስጢንያኖስ እ.ኤ.አ. በ537 ያስመረቁት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ለአክሱሙ ዐፄ ካሌብ መልእክተኛ የላኩት እሳቸው መሆናቸውን ለልጆቹ ስነግራቸው ጆሯቸው ቆመ። በ1453 መስጊድ ሆነ፤ በ1935 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ፤ በ2020 ተመልሶ መስጊድ ሆነ። ታችኛው ወለል ለሰጋጅ ነው። ጎብኚ በሌላ በር፣ እኛ ስንሄድ 25 ዩሮ ከፍሎ፣ ወደ ላይኛው ሰገነት ይወጣል። መውጫው የድንጋይ ዳገት እንጂ ደረጃ ስላልሆነ ለእማማ ጉልበት ተመቸ።

ሰገነቱ ላይ በጥቃቅን ባለቀለም ጠጠሮች የተሠራ ሥዕል አለ። መሐል ክርስቶስ፣ በአንድ ወገን እመቤታችን፣ በሌላው መጥምቁ ዮሐንስ። የታችኛው ክፍል ረግፏል፤ ፊታቸው ግን ደህና ነው። «ዮሐንስ እኮ ነው፤ ጸጉሩን እዩት» አሉ እማማ፣ አማተቡም። ከዚያ ወደ ጠርዙ መጥተን ቁልቁል ስናይ፣ እናቴ አረንጓዴው ምንጣፍ ላይ ሁለት ረከዓዋን እየሰገደች ነው። «ያቻትና አያቴ!» አለች ትንሿ ልጄ። እማማ እናቴ እስክታሰላምት ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አላሉም።

ቶፕካፒ የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ካባ የሚገኝበት ክፍል ውስጥ ቁርዓን ሳይቋረጥ ይነበባል። እናቴ እዚያ እንባዋ መጣ። እዚያው የመጥምቁ ዮሐንስ፣ ሙስሊሞች ነቢዩ የሕያ የሚሉት፣ ክንድ ነው የሚባል ቅርስ አለ። ሁለቱ እናቶች ከአንድ መስታወት ፊት ቆሙ፤ አንዷ ዱዓ አደረገች፣ ሌላዋ አማተቡ። ጥበቃው፣ መብራቱ፣ ጽዳቱ ሁሉ ያስቀናል። በጦርነቱ ጊዜ የተዘረፈው የደሴ ሙዚየማችን ትዝ ብሎኝ ሆዴን በላኝ።

ከሰዓት በኋላ ተከፋፈልን። ሽማግሌና ሕፃን ይዞ ሁሉን ልይ ማለት አያዋጣም። ባለ 336 ዓምዱን የምድር ውስጥ የውኃ ማጠራቀሚያ ትተነዋል፤ ቁልቁል ደረጃ አለው። ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ አርኪዮሎጂ ሙዚየም ገባ። ግብፅና ኬጢያውያን የተዋዋሉበትን የቃዴሽ የሰላም ውል የሸክላ ጽሑፍ አሳያቸው። እኔና እናቶቹ ጉልሃኔ መናፈሻ አግዳሚ ወንበር ላይ ሻይ ጠጣን።

እዚያው ሌላ ነገር ተነሣ። ልጆቻችን ባሕር ተሻግረው ይህን ሁሉ ሲያዩ፣ ግሸን ማርያምንም ጀማ ንጉሥንም ገና አልረገጡም። እናቶቹ ወዲያው ተስማሙ፤ ለመስከረም 21 ግሸን፣ ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ። የግሸኑን መኪና ከአሁኑ ተነጋግረንበታል።