ጅማ ላይ ያገኘሁት ፍሊፐር

ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነስተን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ጅማ ስንገባ ያካፋ ነበር። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለነገ አሳደርኩት። ወዳጄ የጠራኝ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች ያላቸውን አውጥተው የሚያሳዩበት ቀን ስለሆነ ነው።

ከሂርማታ ገበያ ብዙ የማይርቅ ግቢ ውስጥ ሸራ ተወጥሯል። ሬዲዮኖች፣ ግራሞፎን፣ አንድ ጆተኒ። ጥግ ላይ ደግሞ ፒንቦል፤ የብረት ብይ በሁለት ትናንሽ ክንፎች ወደ ላይ እየመለሱ ነጥብ የሚሰበስቡበት የጨዋታ ሳጥን። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው "ፍሊፐር" ነው የሚሉት።

"ጋሼ፣ ይሠራል?"

"ሞክረው እንጂ ልጄ! ግራው ክንፍ ብቻ ትንሽ ሰንፏል።"

ሞላውን ስቤ ለቀቅኩት። የብረቷ ብይ ሽቅብ ተወነጨፈች። የሚመታው እውነተኛ ደወል ነው። ነጥቡም ቀጭ ቀጭ እያለ በሚዞር ጎማ ላይ ይቆጠራል። ግን ግራው ክንፍ ዘገየና ብይዋ አመለጠችኝ።

ጋሼ መስታወቱን አንስተው ሰሌዳውን ቀና አደረጉት። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም። ብይዋ ስትነካቸው ሁለት ስስ ብረቶች ይገናኛሉ፣ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ዘንጉን ይስባል፣ ዘንጉም መልሶ ይመታታል። ሳጥኑን አብዝተህ ከነቀነቅከው የምትወዛወዘው ቱምቢ ቀለበቷን ትነካለች፤ በቃ፣ ጨዋታው ይቆማል።

እነዚህ ክንፎች ድሮ አልነበሩም። ያመጣቸው እ.ኤ.አ. በ1947 ጎትሊብ የተባለው የቺካጎ ኩባንያ ነው። ኒው ዮርክ ጨዋታውን ቁማር ነው ብላ ከ1942 እስከ 1976 ከልክላው ነበር። በ1976 ሮጀር ሻርፕ የሚባል ሰው በከተማው ምክር ቤት አባላት ፊት ብይዋ በየትኛው መስመር እንደምትገባ ቀድሞ ተናገረ፤ እንዳለውም አስገባት። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ዕድል ብቻ እንዳልሆነ በእጁ አሳየ።

የጋሼ ማሽን ጎኑ በስብሶ ነበር። በዋንዛ የቀየረላቸው የጅማ በርጩማ የሚጠርብ አናጢ ነው። መጋጠሚያውን በጣቴ ፈለግኩት፤ አላገኘሁትም። የአሜሪካ ዕቃ ስለሆነ የእኛን 220 ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመርም ከሥሩ አስቀምጠዋል።

"ዓይንህ ደህና ነው?" አሉኝና ስስ ብርጭቆ ወረቀት ሰጡኝ። የግራውን ክንፍ ኮንታክት፣ ማለትም የሚገናኙትን ስስ ብረቶች፣ ቀስ ብዬ ጠረግኩ። ጥቁሩ ለቀቀ። ሰሌዳውን መለሱት።

"በል እንግዲህ።"

ብይዋ ወደ ግራ ወረደች። ተጫንኩ። ክንፉ ጠቅ አለና ብይዋን እላይ ደወሉ ጋ ሰደዳት።