ከበሩ እስከ ላውንደሪው

ሱሉልታ፣ ጎጃም መንገድ ዳር ባለ አንድ መዝናኛ ውስጥ የትራንስፖርት ኃላፊ ሆኜ እሠራ ነበር። ግቢው ሰፊ ስለሆነ እንግዳና ሻንጣ የምናመላልሰው ለጎልፍ ሜዳ በተሠራች፣ ጎኗ ክፍት በሆነች አነስተኛ ተሽከርካሪ፣ በጎልፍ ካርት ነው። ላውንደሪው ግን ከአስፋልቱ ማዶ ነው፤ ከበራችን መቶ ሃምሳ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። በካርት አስፋልት መውጣት የጀመርነው አንድ ቀን ፒክአፑ ተበላሽቶብን ነው። ፒክአፑ ተሠራ፣ ልማዱ ግን አልቀረም። ቁልፉን ከሚስማሩ አንስቼ የምሰጠው እኔ ነኝ።

ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ። የስብሰባ እንግዶች ሊገቡ ሰዓት ቀርቷቸዋል፣ አልጋ አልተነጠፈም። "ጋሼ፣ ቶሎ ደርሰን እንመጣለን" አለኝ ካርቷን የሚነዳው ልጅ። መንጃ ፈቃድ የለውም። ይቺ ደግሞ ምን ፈቃድ ትፈልጋለች ብለን፣ ጠይቀነውም አናውቅ። የላውንደሪዋ እትዬ የቆሸሸውን አንሶላ በሁለት እጃቸው ታቅፈው፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ከኋላው ወንበር ተቀመጡ።

በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። ከኋላቸው የጫነ አይሱዙ ቁልቁለቱን እየወረደ ክላክስ ያደርጋል። ልጁ ደነገጠና ላውንደሪው በር ላይ በአንድ ጊዜ ወደ ግራ ጠመዘዘ። እትዬ አይሱዙውን ፊት ለፊት ያዩታል፤ መሪው መታጠፉን ግን በምን ይወቁ? የሚይዙበት እጅ የለም፣ ቀበቶ የለም። ከነአንሶላው አስፋልቱ ላይ ወደቁ። የአይሱዙው ሾፌር መኪናውን ቦይ ውስጥ ከትቶ አተረፋቸው። እግዚአብሔር ይስጠው። የእጃቸው አንጓ ተሰበረ።

ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ካርቷን ዞር ዞር ብሎ አያት። "ወንድሜ፣ ሰሌዳዋ የታለ? ቦሎዋስ? ሦስተኛ ወገን?" አንዱም የለም። አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ተሽከርካሪ መንገድ ላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። ለፒክአፑ በየዓመቱ የማሳድሰው እኔው ነኝ። ለካርቷ ግን ትዝም ብሎኝ አያውቅ።

በነጋታው ካርቷን ብቻዬን መረመርኳት። እንደ አብዛኞቹ ካርቶች ፍሬኗ የኋላ ጎማ ላይ ብቻ ነው፤ እርጥብ ቁልቁለት ላይ የኋላው ጎማ ተይዞ ይንሸራተታል። ፍሬቻ የላት፣ የፍሬን መብራት የላት፣ ስፖኪዮ የላት። አይሱዙው መታጠፏን የሚያውቅበት አንድም ምልክት አልነበረም። ሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እንድትሄድ ተሠርታ፣ እኛ ከጭነት መኪና ፊት አወጣናት።

ካርት ከጎልፍ ሜዳ ወጥቶ በየሰፈሩ የሚነዳባት አሜሪካ እንኳን እንዲህ አትፈቅድም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የፌዴራል ደንብ በሰዓት ከ32 እስከ 40 ኪሎ ሜትር የሚሄዱት አነስተኛ ተሽከርካሪዎች የፊት መስታወት፣ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ የእጅ ፍሬንና ቀበቶ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ፍሎሪዳ ውስጥ ተራው ካርት ከተማ መንገድ ላይ የሚወጣው የፍጥነት ወሰኑ ከ48 ኪሎ ሜትር በማይበልጥበት፣ አስተዳደሩም ለይቶ በፈቀደው መንገድ ነው። የእኛ ግን ጎጃም መንገድ ነው፤ ሲኖትራክ፣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ አህያ፣ ልምምድ የወጣ ሯጭ፣ ሁሉም በአንድ አስፋልት።

ልጁን ማንም እንዲቆጣው አልፈቀድኩም። ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሪፖርቱም ላይ እንዲሁ ጻፍኩ። በሩ ላይ ሰንሰለት አሰርን። ካርት የሚይዝ ሁሉ መንጃ ፈቃድ አሳይቶ፣ ግቢ ውስጥ ከኔ ጋር ተለማምዶ ነው። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ዕቃ አይዝም፣ ሁለት እጁ ብረቱን ይጨብጣል።

እትዬ ከሁለት ወር በኋላ ሥራ ገቡ። እጃቸው ገና አልፍታታ ብሎ ሻዩን በግራ ነው የሚያነሡት። ሚስማሩ የነበረበትን ግድግዳ አዩና "አንሶላው አሁን በምን ይሄዳል?" አሉኝ።

"በፒክአፕ፣ እትዬ።"

"ፒክአፑ ከሌለስ?"

"አይሄድም።"