ከእትዬ ጋር ወደ ደብረ ሲና

በማለዳ ተነስተን ሰንዳፋን፣ ሸኖን፣ ጫጫን አልፈን ደብረ ብርሃን ስንገባ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። እትዬ ጋቢዋን እስከ ጆሮዋ ስባለች። ህንድ ታክማ ከተመለሰች ወዲህ እማዬን ልታይ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው።

ሕመሟ ኤቪኤም ይባላል። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ቅዳና ደም መልስ ሥሮች፣ በመሃል መኖር የነበረባቸው ቀጫጭን ሥሮች ሳይኖሩ፣ በቀጥታ ተገናኝተው ተጠላልፈዋል። አንዴ ደምቶባት ከሞት ተርፋለች። ከዚያ ጋማ ናይፍ በሚባል የጨረር ሕክምና ታከመች። ብዙ ቀጫጭን ጨረሮች ከየአቅጣጫው መጥተው እዚያች ጥልፍልፍ ላይ ብቻ ይገናኛሉ። ሥሮቹ ቀስ በቀስ እየጠበቡ ይዘጋሉ። ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ዓመት ይፈጃል፤ እስኪዘጉ ድረስ የመድማት ስጋቱ አለ።

ቁርስ ላይ አክስታችን ደወለች። «ጨረር አእምሮ ይጨርሳል ይላሉ፤ እንዴት ናት?» አለችኝ።

ፍርሃቷ ይገባኛል። ለካንሰር ተብሎ መላው አንጎል ጨረር ሲሰጠው የማስታወስ ችሎታ ይጎዳል። የኤቪኤም ጨረር ግን ጠባብ ቦታ ላይ ያነጣጠረ ነው። ታካሚዎችን በፈተና የተከታተሉ ጥናቶች ባብዛኛው ማስታወስና ትኩረት እንዳልወረደ፣ አንዳንዴም እንደተሻሻለ አሳይተዋል። ሁሉም ሰላም ነው ማለት ግን አይደለም። ከታከሙ ከወራት በኋላ በዙሪያው እብጠት ሊመጣ ይችላል። ብዙው ኤምአርአይ ላይ ብቻ ይታያል። እንደ ቦታው ግን ራስ ምታት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የንግግር ችግር የሚያመጣበት ሰው አለ።

ጣርማ በር ጉም ውጦታል። ጣሊያን የሠራው ዋሻ አፍ ላይ ስንደርስ እትዬ መስታወቱን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

«ይቺ... የምንገባባት...»

ቃሉን ልሰጣት ምላሴ ላይ ነበር፤ ዝም አልኩ። በወዲያኛው በኩል ስንወጣ «ዋሻ!» አለች፣ ፊቷ በርቶ።

ይሄ ከጨረሩ ነው? ከመድማቱ? ከምትወስደው የሚጥል በሽታ መድኃኒት? ወይስ ከድካም? የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ከሕክምናው በፊት ማስታወሷን፣ ቃል ማውጣቷን፣ ትኩረቷን የለካ ሰው የለም። አሁን ከምን ጋር እናወዳድረው? ይህን ሕክምና ለመጀመር የተዘጋጀ ሰው ካላችሁ፣ ቀድሞ የአእምሮ ፈተና እንዲደረግለት ሐኪሙን ወጥራችሁ ጠይቁ።

ደብረ ሲና ቆሎ ሻጮቹ መኪናውን ከበቡት። እትዬ ተከራክራ ገዛች። «ሃምሳ ብር ይቀረኛል የኔ እናት» ብላ መልሷንም አስተካከለች። ደስ አለኝ። ግን የቆሎ ሂሳብ ፈተና አይሆንም። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ጥያቄዎቹን እማዬ ቤት ቁጭ ብለን አብረን ጻፍናቸው። የመጀመሪያውን የጻፈችው ራሷ ናት፦ «ቃል የሚጠፋኝ መድኃኒቱ ቢቀየር ይሻለኛል?»